የሚገነባውና የሚበላው

እናቴ አረጋሽ ስለ እኔ ለሰው ስታወራ፣ «ፀጋ ምላሷን የሰበሰበች ዕለት እኔ እመነኩሳለሁ» ትላለች። እውነቷን ነው። ደባርቅ ባዮሎጂ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ርእሰ መምህሩ ስብሰባ ሲከፍት «አስተያየት ያለው» ብሎ ሳይጨርስ ዓይኑ እኔ ላይ ነው። ዳባት ወዳለው ቤታችን ስመጣ ደግሞ እናቴ ገና ከደጅ «ዛሬስ ማንን ነክሰሽ መጣሽ?» ትለኛለች። ያሳደገችኝ «አጥንት የሌለው ምላስ አጥንት ይሰብራል» እያለች ነው። ነገሬን በሳቅ የሚሰሙልኝ አባቴ ብቻ ነበሩ።

አባቴ መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ የአቋቋም መምህር ናቸው። «ነበሩ» ማለት ገና አልለመድሁም። የአቋቋም ሰው ኑሮው እግሩ ላይ ነው። በዓል በመጣ ቁጥር መቋሚያውን ይዞ፣ ጸናጽሉን እያንሿሿ፣ ግራ ቀኝ እየተወዛወዘ ሲዘም ያድራል። ድምፅ ብቻ ያለው ሰው ተቀምጦም ይዘምራል፤ ዝማሜ ግን ወገብና ጉልበት ይጠይቃል። አባቴን ማኅሌት ላይ ቆመው ያየ ሰው፣ ቤት ያሉት እኒያ ቀጭንና ዝምተኛ ሽማግሌ እርሳቸው መሆናቸውን ይጠራጠር ነበር።

ቁርጥማቱ በጣቶቻቸው ጀመረ። ጠዋት ጠዋት እጃቸው እንደ ደረቀ ቆዳ አልታጠፍ ይላል፤ ፀሐይ ሞቅ እስክትል ጸናጽሉን መጨበጥ አይችሉም። ከዚያ የእጃቸው አንጓ አበጠ፣ ከዚያ ጉልበታቸው። ወጌሻ አሻቸው፣ ፀበል ተጠመቁ፣ ፌጦ ተቀቡ። እየዋለ እያደር አልጋ ላይ ቀሩ። ቤታችን ለሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ቅርብ ስለሆነ የበዓል ከበሮ እቤት ድረስ ይሰማል። አባቴ የገዛ ተማሪዎቻቸው ያለ እርሳቸው ማኅሌት ሲቆሙ እየሰሙ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። እኔና እናቴ ያላየን እንመስላለን። እንዲህ እያልን ስቅለትም ፋሲካም ደጋግሞ አለፈ።

ጎንደር ሆስፒታል የወሰድኋቸው ከሁለቱም ጋር ተጣልቼ ነው። የመረመራቸው ወጣት ሐኪም ነበር፤ አንቱ እያለ፣ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ እየዳሰሰ አያቸው። «መሪጌታ፣ ሰውነታችን ከበሽታ ጋር የሚዋጋበት ኃይል አለው» አላቸው። «የእርስዎ ግን ጠላት ያጣ ይመስል በራስዎ መገጣጠሚያ ላይ ዘምቷል። እሳት የሆነብዎ እሱ ነው።» ፕሬድኒሶሎን የሚባል ክኒን አዘዘላቸው፤ ከእሱ ጋር ደግሞ ቀስ ብሎ የሚሠራ ሌላ መድኃኒት። ፕሬድኒሶሎኑ ለጊዜው ነው፣ በወሩ ተመለሱና እንቀንሰዋለን ብሎ አስጠነቀቀን።

ሳምንት ሳይሞላ አባቴ ያለ ደጋፊ ተነሥተው ደጅ ወጡ። እናቴ እልልታዋን ስትለቀው ጎረቤቱ ሠርግ መስሎት እየሮጠ መጣ። ለኅዳር ሚካኤል ማኅሌት ቆሙ። እኔ ሴቶች በሚቆሙበት በኩል ሆኜ ጸናጽላቸው ከሌላው ሁሉ ተለይቶ ይሰማኝ ነበር፤ መስሎኝም ይሆናል። የነጠላዬን ጫፍ ነክሼ አለቀስሁ። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። አሁንም ሳስበው ደስታው አልጠፋም፤ የሚያመኝም ይኸው ነው።

በወሩ አልተመለስንም። መጀመሪያ መንገዱ ተዘጋ፤ መንገዱ ሲከፈት መኪና ጠፋ፤ መኪና ሲገኝ አባቴ «በዓል አለብኝ» አሉ። ቀስ ብሎ የሚሠራው መድኃኒት አለቀና የሚሸጠው ጠፋ። ፕሬድኒሶሎኑን ግን ያለ ሐኪም ወረቀት የሚሰጥ አልጠፋም። ሲቀንሱት ያማቸዋል፤ ሲጨምሩት ይነሣሉ። እንግዲህ አባቴ መጠኑን ራሳቸው ሠሩለት፤ ለአዘቦት አነስ፣ ለበዓል ጨመር። «ለጥምቀትማ ከፍ አደረግሁት» ይሉኛል በስልክ፣ ድግስ የደገሱ ይመስል። ስጮህባቸው ይስቃሉ፤ እናቴ ከኋላ «አትንጫጪባቸው!» ትላለች።

በዚህ መሀል ፊታቸው ሞላ። አጥንቱ ይቆጠር የነበረው ጉንጫቸው ክብ ሆኖ አበራ። እኛ አገር ደግሞ ፊቱ የሞላ ሰው ድኗል ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠይቅ የለም። «መሪጌታ አማረባቸው! አረጋሽ ምን ብታበላቸው ነው?» ይሏታል። እናቴ አፍራ አንገቷን ትደፋለች፤ ግን ደግመው እንዲሏት ትፈልጋለች። ያን ሁሉ ዓመት ያገላበጠች፣ ያጠበች፣ ያጎረሰች ሴት ናት፤ ምስጋናው ሲያንሳት ነው። እኔ ደግሞ እኔ ነኝ። «እማዬ፣ ይኼ ውፍረት አይደለም፤ መድኃኒቱ ነው ያሳበጣቸው» አልኋት። የአባቴን እጅጌ ሰብስቤ የሟሸሸውን ክንዳቸውን፣ በትንሽ ግጭት የበለዘውን ቆዳቸውን አሳየኋት። እናቴ ክንዱን አየችው፤ ከዚያ «ደስታ አይቶ ዝም የማይል አፍ!» ብላኝ ጓዳ ገባች።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አባቴ ከአጥሩ ሥር ፀሐይ እየሞቁ ጠሩኝ። «እስቲ ተማሪ ልሁንልሽና አስረጅኝ። የዋጥሁት ነገር ጉልበቴ ደረሰ፣ ፊቴ ደረሰ፣ ቆዳዬ ደረሰ። አንዲት ክኒን ይኼን ሁሉ ቤት እንዴት ታዳርሰዋለች?»

መቋሚያቸውን ተቀብዬ በጫፉ መሬቱ ላይ ክብ ሣልሁ፤ በውስጡ ሌላ ትንሽ ክብ።

«ይኼ አንድ ሴል ነው፤ ሰውነትዎ ሁሉ ከዚህ ነው የተሠራው። ውስጠኛው ክብ ኒውክሊየስ ይባላል። ሴሉ ምን እንደሚሠራ የሚታዘዘው እዚያ ነው። ብዙው መድኃኒት ደጅ ቆሞ ነው የሚጣራ። ይኼኛው ግን ዘልቆ ይገባል። ውስጥ የሚጠብቀው ተቀባይ አለ፤ እሱን ይይዝና አብረው እስከ ውስጠኛው ክብ ይሄዳሉ። እዚያ ሆነው እሳቱ ይጥፋ ብለው ያዝዛሉ። አጥንት የሚሠራውም ሥራውን ይተው ብለው ያዝዛሉ። ተቀባዩ ደግሞ ጉልበት ውስጥ ብቻ አይደለም ያለው፤ የትም አለ።»

አባቴ ሥዕሉን ቆየት ብለው ተመለከቱት። መቋሚያቸውን ተቀበሉኝና በሁለቱ ክቦች መሀል ሦስተኛ ክብ ጨመሩ። ሥዕሌ ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ቁጭ አለ፤ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ።

«እኛ ቅኔ ማኅሌት ቆመን እንጮኻለን» አሉ። «ይኼ ደግሞ መጋረጃውን ገልጦ መቅደስ ይገባል በይኛ።»

«ይገባል። ከሰውነታችን ሆርሞን ጋር ስለሚመሳሰል ነው የሚያስገቡት። ከኩላሊት በላይ ያለች ዕጢ ራሷ ትሠራው ነበር። አሁን ከውጭ ሲመጣላት ሥራዋን ትታ ተኝታለች። ስለዚህ አባባ፣ ቀስ በቀስ እየቀነስን እንቀስቅሳት እንጂ ድንገት እንዳይተዉት። ድንገት ከተዉት የእሷም የክኒኑም በውስጥዎ አንድም አይኖርም፤ ሰው ያለ እሱ አይቆምም።»

«ዐቃቢቷ፣ የቤቱ ጠባቂ፣ ተኝታ ቅጥረኛው ያገለግላል ማለት ነው» አሉና ሳቁ። «ለአጥንቱስ የሚሟገትለት የለም?»

«አለ። እርስዎ እንዲህ ፀሐይ ሲሞቁ ቆዳዎ የሚሠራው ቫይታሚን ዲ። እሱም የራሱ ተቀባይ አለው፤ እሱም እስከ ውስጥ ይዘልቃል።»

«ሁለቱም መቅደስ ይገባሉ፤ አንዱ ይገነባል፣ አንዱ ይበላል።» አባቴ ወደ ሚካኤል በኩል ዞረው ፂማቸውን ዳሰሱ። «ልክ የእኛ ደብር!»

ሳቃችን ጓዳ ድረስ ተሰምቶ እናቴ ወጣች። «ምንድን ነው የሚበላ?» ስትል አባቴ «የዋጥሁት ክኒን አጥንቴን ይበላል ትለኛለች ልጅሽ» አሏት። እናቴ አልሳቀችም። ከሕማማት በኋላ ጎንደር ልንሄድ አባቴ ቃል ገቡልኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ደባርቅ ተመለስሁ።

ለስቅለት ዳባት ስመጣ የሚካኤል ግቢ በሰጋጅ ሞልቶ ነበር። አባቴን ከወንዶቹ መሀል አየኋቸው። ኪርያላይሶን ሲባል ይወድቃሉ፣ ይነሣሉ፣ ደግመው ይወድቃሉ። ለዕድሜያቸው የሚበቃውን ሰግደው ያርፋሉ ብዬ ስጠብቅ እኩዮቻቸው አርፈው እርሳቸው ቀጠሉ። ሰው እየገፋሁ አጠገባቸው ደረስሁና «አባባ፣ ይበቃዎታል» አልኋቸው።

ላባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ክቡ ፊታቸው ቀልቶ ደስ ብሎት ነበር። «የዘንድሮውንማ ጨርሻለሁ። አሁን የምሰግደው አልጋ ላይ የዋልሁባቸውን ስቅለቶች ነው።»

ቤተ ክርስቲያን ከታመመ ሰው ስግደት አትጠይቅም። ይህን ከእኔ ይልቅ እርሳቸው ያውቁታል፤ ስንቱን ሕመምተኛ ሲያጽናኑበት ሰምቻለሁ። ለራሳቸው ሲሆን ግን አልሠራላቸውም። እግዚአብሔር ጉልበቴን ከመለሰልኝ ያጎደልሁትን ልሙላለት ነው ነገሩ። በስቅለት ቀን፣ በዚያ ሕዝብ ፊት፣ መሪጌታን እጅ ይዞ መጎተት አይቻልም። ብችል እጎትታቸው ነበር።

አንዴ ወደቁና ቀሩ። ግንባራቸው መሬት ላይ ነው፤ መዳፋቸው እንደ ተዘረጋ። አጠገባቸው ያሉት ሰዎች ተመስጠው መስሏቸው ቦታ ለቀቁላቸው። አንዲት ሴትዮ «እንዲህ ነው እንጂ መስገድ!» ብላ እንባዋን ጠረገች። እኔ ግን ጣቶቻቸው አፈሩን ሲቧጥጡ አየሁ። ተንበርክኬ ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«ወገቤ» አሉኝ። «ፀጋ፣ ወገቤ ከዳኝ።»

በማግስቱ ጎንደር ያ ወጣት ሐኪም የራጅ ፊልሙን ብርሃን ላይ ሰቀለው። የጀርባቸው አጥንት ተጨፍልቋል፤ ያልተጨፈለቀውም ሳስቶ ፊልሙ ላይ ደብዝዟል። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ከኋላዬ ቆማ ነበር። «ምን ሆነው ነው ልጄ?» አለችው።

«አጥንታቸው አልቋል እናቴ። ይኼን መድኃኒት ያለ ልክ ወስደውታል፤ እሱ ነው የጨረሰው።»

እናቴ ፊልሙን አላየችም። የምታየው የአባቴን ፊት ነበር፤ ያን አገር ያደነቀላትን ክብ ፊት። በዚያች ደቂቃ ምን እንዳሰበች አሁን ይገባኛል። በእጇ ያደለበችው ሰውየውን አልነበረም፤ የሚበላቸውን ነበር።

ሐኪሙ ለአጥንታቸው ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ሰጠን። ፕሬድኒሶሎኑ ደግሞ በጥቂት በጥቂቱ እንዲቀንስ፣ በምንም ምክንያት ድንገት እንዳይቋረጥ አዘዘ፤ ሰውነታቸው በተሰበረበት ሰዓት ይብሱን ያስፈልጋቸዋል አለ። ለእናቴ ነገራት። እኔም ደግሜ ነገርኋት፣ ቤት ስንደርስም ክኒኖቹን ለያይቼ ነገርኋት። «እሺ» አለች። እናቴ እሺ ስትል መስማማቷ ይሁን ነገሩን መተዋ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ለይቼው አላውቅም።

ተማሪዎቼ ፈተና ስለነበረባቸው ደባርቅ ተመለስሁ። ማታ ማታ እየደወልሁ «መድኃኒት ወሰዱ?» እላለሁ። «ወስደዋል። ዛሬ የቅልጥም መረቅ ጠጡልኝ» ትላለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ደስታ አለ። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ፤ ወዲያው ስልኩም ጠፋ። ስልኩ ሲመለስ ድምፅዋ ሌላ ነበር። «ደከም ብለዋል። የበሉትን አልይዝ አላቸው። የፋሲካ ሰሞን አይደል፣ ከጾም ወጥተው ቅባት በዝቶባቸው ይሆናል።»

መንገዱ መከፈቱን በሰማሁበት ጠዋት ገብስ የጫነ አይሱዙ ላይ ተሰቅዬ ዳባት ገባሁ።

አባቴ አልጋቸው ላይ ናቸው። ክቡ ፊት አመድ መስሏል፤ ቀዝቃዛ ላብ አጥምቋቸዋል። እናቴ መረቅ በማንኪያ ይዛ አፋቸው ላይ ትለምናለች።

«መድኃኒቱን አምጪልኝ» አልኋት።

የካልሲየሙን ብልቃጥ አቀበለችኝ።

«ሌላውስ?»

«የቱ ሌላ?»

«እማዬ!»

«ያን አጥንት የሚበላውንማ ለእሳት ሰጠሁት» አለችኝ፤ ቀና ብላ፣ ሳታፍር። «አንቺ ደባርቅ የሄድሽ ዕለት። የሚገነባውን ግን አንድ ጠዋት አላጓደልሁባቸውም። ቀስ በቀስ ይላል ሐኪምሽ! ጅብ የያዘውን ሰው ቀስ በቀስ ነው የሚያስጥሉት? እርሳቸውም ከእጄ የሰጠኋቸውን ይውጣሉ እንጂ የቱ ነው ብለው አይጠይቁ። ይልቅ ሄጄ ውኃ ላምጣ፣ ከንፈራቸው ደርቋል።»

አፌን ከፈትሁ። ሊወጣ የነበረውን ቃል አውቀዋለሁ፤ እሱ ቢወጣ እናቴ ከዚያ ቀን ወዲያ ሰው አትሆንም ነበር። አባቴ እጄን ያዙኝ። እጃቸው በረዶ ነው። እናቴ ጓዳ እስክትገባ ጠበቁ።

«ዐቃቢቷ አልነቃችም፣ አይደል?» አሉኝ።

«አልነቃችም አባባ።»

«ቅጥረኛውም ሄደ።»

«ሄደ።»

«እናትሽን እንዳትነግሪያት።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «እስከ ዛሬ ያኖረችኝ በእጇ ነው። ምላስሽን አውቀዋለሁ፤ ስወደው ነው የኖርሁት። ይችን አንዲት ነገር ግን ያዥልኝ።»

ጎረቤቶች በቃሬዛ ተሸክመው ጤና ጣቢያ አደረሱልኝ። ነርሷ የደም ግፊታቸውን ብትፈልግ ብትፈልግ አጣችው። መድኃኒቱ መቋረጡን በጆሮዋ ነገርኋት፤ ግሉኮስ ሰቀለች፣ ያን የተተወውን ሆርሞን በመርፌ ሰጠቻቸው፣ ላይ ታች አለች። ሰውነታቸው ግን ከዚያ በፊት ተሸንፎ ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ አባቴ አረፉ። እናቴ ደጅ ነበረች፤ ያን ውኃ በጣሳ እንደ ያዘች።

ለቅሶው ላይ ተማሪዎቻቸው መቋሚያቸውን ይዘው መጡ። እናቴ ደረቷን እየመታች የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ምነው ያን መርዝ ቀደም ብዬ በጣልሁት! ምነው ፊታቸው ሲሞላ ደስ ባይለኝ!» የንስሐ አባታችን አባ ሀብተ ሚካኤል «አይዞሽ አረጋሽ፣ ቀናቸው ደርሶ ነው» ቢሏት አልሰማ አለች። ዞር አለችና ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል እኔን ፈለገችኝ።

«አንቺ ተምረሻል፤ አንቺ ታውቂያለሽ። ቀደም ብዬ ጥዬው ቢሆን ይተርፉልኝ ነበር?»

ሰው ሁሉ እኔን አየ። ተናድጄባት ነበር፤ ይህን አልደብቅም። አባቴን የነጠቀኝ ይኸው እጅ ነው እያልሁ እጇን ሳየው ነበር የሰነበትሁት። ያ እጅ ደግሞ አባቴን ያገላበጠ፣ እኔን ያጎረሰ፣ ሙሾው ላይ ደረት እየመታ የቆሰለ እጅ ነው። የእኔ ነገር ሁልጊዜ ከልቤ ወደ አፌ መንገድ አያጣም። ያን ቀን አፌ ላይ ደርሶ ቆመ።

«የለም እማዬ» አልኋት። «አጥንታቸው ቀድሞ አልቆ ነበር። አንቺ ደግ አደረግሽ። በጊዜው ነው የጣልሽው።»

እናቴ ትከሻዬ ላይ ወደቀች። ከዚያ ወዲያ ያን ጥያቄ አላነሣችውም።

በአርባቸው እናቴ ቆብ ደፋች። አባ ሀብተ ሚካኤል ጸሎቱን አድርሰው፣ ሰው ተሳልሟት፣ ጠላ የሚቀዳው ወደ ድንኳኑ ሲሄድ እኔና እሷ ብቻችንን ቀረን። ያን ሰሞን ሁሉ ነገር ሳልጀምርላት፣ ሳልቀልድባት መሰንበቴን አይታ ኖሯል።

«ምላስሽን የሰበሰብሽ ዕለት እመነኩሳለሁ እል አልነበር?» አለችኝ። «ይኸው፣ ሁለታችንም ደረሰልን።»

አባቴ ካረፉ ወዲህ ፈገግ ስትል የመጀመሪያዋ ነበር። እኔም ፈገግ አልሁላት፤ አጥንት የሌለውን ምላሴን በጥርሴ ነክሼ ይዤ።